ጳጉሜን የሚያውቅ ተንሸራታች

እንደሚታወቀው ሁሉ የአገራችን ዓመት 13 ወር አለው። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ሲሆኑ፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን ናት። ኮምፒዩተር ላይ ተዘጋጅተው የምናገኛቸው መሣሪያዎች ግን ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ታዲያ ነገ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ ክፍል ውስጥ ቆመን ስናስተምር ልጁ ማንን ይመን? እኛን ወይስ ስክሪኑን? እንግዲህ መሣሪያውን ለክፍላችን እንዲስማማ ማስተካከል የኛው የመምህራን ሥራ ነው ማለት ነው።

ለምሳሌ ተንሸራታቹን እንውሰድ። በድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ስንፈልግ በቁጥሮቹ ላይ የምትሄደዋን መርፌ እናስታውስ። በስክሪንም ላይ አንድ መስመርና በላዩ የሚሄድ እጀታ አለ፤ እጀታው በቆመበት ልክ ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር ያገኛል። በጃቫ ቋንቋ ይህ መሣሪያ ጄስላይደር ይባላል። ሳይነካ ከተተወ ከ0 እስከ 100 ይቆጥራል፣ እጀታውም 50 ላይ ይቆማል።

ይህን ትቶ ሌላ ከባዶ መሥራት አያስፈልግም። ሳልባጅ ኮት የገዛ ሰው ኮቱን አይፈታውም፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ እጅጌውን ያሳጥራል፣ አለቀ። ደግሞም ነባሩ ተንሸራታች በቀስት ቁልፎች ጭምር ስለሚንቀሳቀስ፣ ማውስ ቢበላሽም ትምህርቱ አይቋረጥም። ስለሆነም የምናስተካክለው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ወሰኑ። መነሻው 1፣ መድረሻው 365 ይሁን፤ በዘመነ ሉቃስ 366። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መነሻውን 0 ላይ ከተወው ምልክቶቹ 0፣ 30፣ 60 ላይ ያርፋሉ። 30ኛው ቀን ግን መስከረም 30 ነው እንጂ ጥቅምት 1 አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ። ትልቁን ምልክት በየ30 እናድርገው። ያን ጊዜ 1፣ 31፣ 61 እያለ ሄዶ 361 ላይ፣ ማለትም ጳጉሜን 1 ላይ ያበቃል። ብትቆጥሯቸው ልክ 13 ናቸው! ምልክቱም ሆነ ጽሑፉ ካልታዘዘ አይታይምና «አሳይ» ማለትን አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ። ለየቁጥሩ የሚጻፈውን የሚይዝ ሠንጠረዥ አዘጋጅተን እንሰጠዋለን፤ በ1 መስከረም፣ በ31 ጥቅምት፣ ወዘተ። ስሞቹ አግድም ከተጣበቡ ተንሸራታቹን ማቆም ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የፊደል ቅርጽ ከተጫነ በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። በሀድይኛ ወይም በከምባትኛ መጻፍም በእጃችን ነው።

አሁን ልጁ እጀታውን 173 ላይ አቆመ እንበል። ቀኑ ምንድን ነው? ከቁጥሩ 1 እንቀንስና ለ30 እናካፍል፤ 172 ለ30 ሲካፈል 5 ደርሶ 22 ይተርፋል። በደረሰው ላይ 1 ስንጨምር 6ኛው ወር፣ በተረፈውም ላይ 1 ስንጨምር 23ኛው ቀን ይሆናል፤ የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል በዓል! አያችሁ፣ የሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት በአንድ እጀታ ተገናኙ።

እስቲ እናንተ ደግሞ በተራችሁ የሰዓት ተንሸራታች ሞክሩ። የአገራችን ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። መነሻው ቁጥር ስንት ይሁን? በየምልክቱስ ሥር ምን ይጻፍ? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን፤ ሁላችንም እንማርበታለን።