ትኋን፤ ዐመሉና ማጥፊያው

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ትኋን ሲጽፍ «ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ትኋን የሚነክሰው የተማሪውን ፋኩልቲ ጠይቆ አይደለም። ደግሞም ጉዳዩ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ባዕድ አይደለም። ግሪካዊው አሪስቶፋነስ ክርስቶስ ከመወለዱ 423 ዓመት አስቀድሞ «ደመናዎች» የተባለውን ኮሜዲ ሲያቀርብ፣ ሽማግሌው ስትሬፕሲያደስ ከሶቅራጥስ ትምህርት ቤት ገብቶ አልጋ ላይ ተጋድሞ እንዲያስብ ይታዘዛል። አልጋው ግን የትኋን መንደር ነበርና ፍልስፍናው ቀርቶ ጩኸት ብቻ ይሆናል። በትኋን አልጋ ላይ ሆኖ ማሰብ እንደማይቻል ከተጻፈ እንግዲህ ከ2,400 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አስቀድሞ ኀፍረቱን ከመንገድ ማንሣት ያስፈልጋል። ትኋን ቆሻሻ አይበላም፤ ምግቡ ደም ብቻ ነው። የታጠበ ሰው ደምና ያልታጠበ ሰው ደም ለእሱ አንድ ነው። በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፓሪስ ከተማ ሰው «ትኋን በባቡርና በሲኒማ ቤት ሳይቀር ገባብን» ብሎ ሲታወክ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ዕቃ የተዝረከረከበት ቤት መደበቂያ ያበዛለታል እንጂ ትኋንን የሚወልደው ድኽነት አይደለም። ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ ትኋን የተገኘበት ሰው እንደ ወንጀለኛ አንገቱን ይደፋል፤ ስለሚያፍርም ይደብቃል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ እሱ ሲደብቅ ትኋኑ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ባንድ መኝታ ክፍል የሆነውን ዐውቃለሁ። ትኋን በተገኘ ጊዜ ጣት የተቀሰረው ከገጠር ጋቢውንና ጆንያውን ይዞ በመጣው አዲስ ልጅ ላይ ነበር። ፍራሹ ወደ ኮሪደር ተወረወረ፤ ልጁም ሁለት ሌሊት በወንበር ላይ አደረ። በኋላ አንድ ነገሩን የሚያውቅ ሰው መጥቶ አልጋውን ከግድግዳ ሲያስጠጋ ከጀርባው የተገኘው ጥቁር ነጥብና የተገፈፈ ቅርፊት እፍኝ የሚሞላ ነበር። ትኋን ከእንቁላል ተነሥቶ እስኪጎለምስ ሙቀት ባለበት ቤት እንኳ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል፤ ልጁ ደግሞ ከመጣ ዐሥር ቀኑ ነበር። ያ ሁሉ ቅርፊት በዐሥር ቀን ሊከማች እንደማይችል ግልጽ ነው። ይቅርታ የጠየቀው ከመካከላቸው አንድ ብቻ ነው። ፍራሹም በኮሪደሩ ሲጎተት ትኋኑን ለሌሎች ክፍሎች አዳረሰ።

ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ማወቅ ይገባል። ሙሉ ትኋን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ የምስር ፍሬ የሚያህል፣ ቡናማ ቀይ ነው። ከላይ ወደ ታች የተደፈጠጠ ስለሆነ ወረቀት በሚገባበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል፤ ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ግን ይነፋል፣ ይረዝማል፣ ይቀላል። ክንፍ የለውም፤ አይዘልም። የሚዘለው ቁንጫ ነው፤ ቁንጫ የተጠፈጠፈውም ከጎንና ከጎን ነው። ቅማል በበኩሉ በሰውና በልብሱ ላይ ይኖራል፤ ትኋን ግን በልቶ ወደ ቤቱ ተመላሽ ነው። እንቁላሉ ነጭና 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንዲት ፍሬ ነጭ ጤፍ በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ያየ ሰው መጠኑን ተረድቶታል። ሴቲቱ በዕድሜዋ ከ200 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉን እንደ ሙጫ ባለ ነገር ስለምታጣብቀው በመጥረጊያ ብቻ አይለቅም። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ጫጩቱ አምስት ጊዜ ቅርፊቱን ይገፍፋል፤ አንዱን ቅርፊት ገፎ ወደሚቀጥለው ለማለፍም ቢያንስ አንድ ጊዜ ደም መጠጣት አለበት። ሊቁ ሊኔየስ በ1758 ስም ሲያወጣለት «ሲሜክስ ሌክቱላሪየስ» ብሎታል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «የመኝታ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ከጠባዩ ጋር ገጥሞለታል።

ንክሻው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአንገት፣ በክንድና በፊት ላይ ተሰልፎ ወይም ተሰብስቦ ቢታይ ያጠራጥራል፤ ሆኖም የወባ ትንኝም እንዲሁ ታሳብጣለች። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ሰው ከቶ አያብጥም፤ ሌላው ከተነከሰ ከቀናት በኋላ ያሳክከዋል። ስለዚህ ባንድ ክፍል ከተኙት ሁለት ሰዎች አንዱ ገላውን ሲያክ ሌላው «እኔን አይነካኝም» ቢል አይታመን፤ ሁለቱም ተበልተው ይሆናል። እስከ ዛሬ ትኋን ከሰው ወደ ሰው በሽታ ማስተላለፉ አልተረጋገጠም። በዚህ ረገድ ተስቦንና ግርሻን የምታስተላልፈው ቅማል እጅግ የከፋች ናት። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣት፣ የታከከው ቁስል ማመርቀዝና የኀፍረቱ ጭንቀት ቀላል ጉዳት አይደለም፤ በፈተና ሰሞን የደረሰበት ያውቀዋል።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ትኋን ሰው ከሚተኛበት ብዙ አይርቅም፤ የትንፋሻችንና የገላችን ሙቀት ይመራዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የፍራሹን ስፌትና ጠርዝ፣ ከዚያ የአልጋውን መጋጠሚያና የብሎን ቀዳዳ፣ ከዚያ ከአልጋው በላይ ያለውን ግድግዳ በባትሪ መብራት መመርመር ነው። የጠፍር አልጋ ከሆነ ጠፍሩ የታሰረበት ቀዳዳ ሁሉ ይታይ። በጭቃ ቤት ግድግዳው ላይ ጋዜጣ የሚለጥፍ ሰው ሳያውቀው የትኋን ሆቴል ከፍቷል፤ የአቡጀዴ ኮርኒስም እንደዚሁ ነው። የምንፈልገው ራሱን ትኋኑን ብቻ አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ እንደ ቀለም የሚደማ ጥቁር ነጥብ፣ የተገፈፈ ቅርፊት፣ በአንሶላ ላይ የደም ጠብታ ካለ ነገሩ ታወቀ። አሮጌ የመታወቂያ ካርድ በስንጥቁ ውስጥ ማንሸራተት የተደበቀውን ለማስወጣት ይረዳል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውና ሕይወትም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የዲ.ዲ.ቲ. ነፍሳት ገዳይነት በ1939 በስዊሱ ፓውል ሙለር ተገኘ፤ ሰውዬውም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን ሽልማቱ ከመሰጠቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ በሃዋይ ፐርል ሃርበር ዲ.ዲ.ቲ. የማይገድለው ትኋን ተገኝቶ ነበር። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ከሺህ ትኋን መርዙን የቻሉ ጥቂቶች ቢተርፉ የሚወልዱት እነሱ ናቸው፤ ልጆቻቸውም እንደ ወላጆቻቸው ይጸናሉ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ፍሊትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ፊት ለፊት የተረጨበትን ይገድል ይሆናል፤ በስንጥቅ ያለውን ግን አያገኘውም፤ እንቁላሉንም በአብዛኛው አይነካም።

ይህን ያየ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ባሰ መርዝ ይሄዳል። ለእርሻ የተዘጋጀውን ማላታይን በመኝታ ቤት የሚረጭ አለ፤ ትኋኑ ሲተርፍ የሚታመመው በዚያ የሚተኛው ሕፃን ነው። ከሁሉ የከፋው በጎተራ እህል ውስጥ ለነቀዝ የሚቀመጠውን ኪኒን በመኝታ ቤት ማኖር ነው። ያ ኪኒን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በበርና በግድግዳ ቀዳዳ አልፎ ሌላ ክፍል የተኛውን ይገድላል። በ2015 በካናዳ ፎርት ማክመሪ በተባለ ከተማ አንድ ቤተሰብ ይህንኑ መርዝ ለትኋን ብሎ በማኖሩ ሕፃን ሞቷል። ቤንዚንና ላምባ መርጨትም ቤትን ለእሳት ማዘጋጀት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ትኋን እስከ ዛሬ ያልለመደው ነገር ቢኖር እሳትና ውሃ ሲተባበሩ ነው፤ ማለት ሙቀት። 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ከቆየ እንቁላሉም ሳይቀር ይሞታል፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ከሆነ ወዲያውኑ ነው። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከበቂ በላይ ነው። አንሶላ፣ ጋቢና የትራስ ልብስ እዚያው ክፍል ውስጥ በፌስታል ታስሮ ይውጣ፤ በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሞቀ ውሃ ይታጠብ። የብረት አልጋ ተፈታትቶ መጋጠሚያውና ቀዳዳው በፈላ ውሃ ይቀቀል። የፍራሹ ስፌት በደረቅ ብሩሽ ይታሽ፤ ከዚያም በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኖ ይሰፋ፤ ውስጥ የቀረው በረኀብ እንዲያልቅ ላስቲኩ አንድ ዓመት አይከፈት። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት መልካም ልማድ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ዞሮ ይቀመጣል። የወይራ ጢስም ለመዓዛው እንጂ ለትኋን አይሆንም። የመጻሕፍት ጥራዝ መደበቂያ መሆኑን ለሚያውቅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ፣ መጽሐፉን በላስቲክ አስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር አራት ቀን ማቆየት ይበቃዋል። ፍሪዘር ያለው ዘመድ መፈለግ የራሱ ፋንታ ነው።

ከዚህ በኋላ ስንጥቁ ሁሉ በጭቃ፣ በጀሶ ወይም በስሚንቶ ይደፈን፤ የተለጠፈው ጋዜጣ ይላጥና ግድግዳው ኖራ ይቀባ። አልጋው ከግድግዳ ይራቅ፤ እግሮቹ ሳሙና የተጨመረበት ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ፤ ብርድ ልብሱም መሬት አይንካ። ይህ የሚሠራው አልጋው ራሱ አስቀድሞ ከጸዳ ብቻ ነው። በባልካን አገሮች የቦሎቄ ቅጠል በአልጋ ዙሪያ በትኖ ጧት ከነትኋኑ ለቅሞ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነበር። የካሊፎርኒያና የኬንታኪ ሊቃውንት በ2013 እንዳሳዩት በቅጠሉ ላይ ያሉት ዐይን የማያያቸው ሜንጦዎች የትኋኑን እግር ወግተው ይይዙታል። ጥቂቱን ይይዛል እንጂ ቤት አያጸዳም፤ ቢሆንም ቦሎቄ በሞላበት አገር መሞከሩ ወጪ የለውም።

የተነከሰ ሰው አልጋውን ትቶ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ አይተኛ። ትኋኑ ይከተለዋል፤ ወይም ይዞት ይሄዳል። ሥራውም ባንድ ቀን አያልቅም፤ ያመለጠው እንቁላል በሳምንትና በዐሥር ቀን ስለሚፈለፈል፣ ፍተሻውና የፈላው ውሃ በየሳምንቱ እስከ ሁለት ወር ሊደገም ይገባል። አንድ ክፍል ብቻውን ቢያጸዳ ጎረቤቱ ይመልስበታልና በሕንፃ የሚኖር ሁሉ ባንድ ቀን መነሣት አለበት። እዚህ ላይ የተማሪ ማኅበራችን ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ፤ የውሃ ማፍያ በርሜልና ማገዶ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማስፈቀድ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ክረምት ሲደርስ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሻንጣው እናት ቤት እንደ ደረሰ አልጋ ላይ አይጣል፤ በደጅ ይከፈት፣ ልብሱ በቀጥታ ወደ ሙቅ ውሃ ይግባ፣ የሻንጣው ስፌትና ኪስ በባትሪ ይፈተሽ። ሻንጣውን አንድ ሳምንት አስሮ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ሙሉ ትኋን ሳይበላ ብዙ ወራት ይቆያል፤ አየሩ ከቀዘቀዘማ ዓመት የሚያልፍበት ጊዜ አለ።