የመጀመሪያ መኖሪያ ቤት ሲገዛ ከቤቱ አስቀድሞ ሰፈሩ ሊመረመር ይገባል

ለአንድ ቤተሰብ የመጀመሪያውን መኖሪያ ቤት መግዛት የበርካታ ዓመታት ቁጠባና ብዙውን ጊዜም በረጅም ዘመን የሚከፈል ብድር በአንድ ፊርማ የሚታሰርበት ውሳኔ ነው። በተለይ በደመወዝ ለሚተዳደረው የመንግሥት ሠራተኛ ውሳኔው ከተሳሳተ ለማረም ሁለተኛ ዕድል የሚገኘው እምብዛም ነው።

ይሁንና በርካታ ገዢዎች ቤት ሲያማርጡ የሚያነጻጽሩት የካሬ ሜትሩን ዋጋ፣ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛትና የግንባታውን ማጠናቀቂያ ጥራት ነው። ቀለም ሊቀየር፣ ክፍል ሊታደስ ይችላል፤ መንገዱን፣ ውኃውን፣ የመሬቱን ጠባይና የአስተዳደር ወሰኑን ግን ገዢው በራሱ አቅም ሊለውጣቸው አይችልም። በመሆኑም ምርመራው ከሰፈሩ ሊጀምር ይገባል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተስፋፋ ወዲህ የአዲስ አበባ መኖሪያ ወደ ዳርቻዎቿ ተስቧል። በምሥራቅ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ፣ በደቡብ ምዕራብ ጀሞ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በየጊዜው በርካታ ነዋሪዎች የገቡባቸው ሰፈሮች ናቸው። አብዛኞቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ዛሬም በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ፣ በሜክሲኮና በአካባቢያቸው ይገኛሉ። በመኖሪያውና በሥራ ቦታው መካከል ያለው ይህ ርቀት በቤቱ ዋጋ ላይ ተጽፎ የማይታይ ወጪ ነው።

ወጪውን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። አንድ ሠራተኛ ለመሄድ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም 1 ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት በቀን 3 ሰዓት ማለት ነው። ይህ በወር 22 የሥራ ቀናት ሲባዛ 66 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ሥራ ቢታሰብ ከ8 የሥራ ቀናት በላይ በየወሩ በመንገድ ላይ ያልፋል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ከሆኑ ጊዜውም የትራንስፖርት ሒሳቡም እጥፍ ነው። ስለዚህ በርካሽ የተገዛ ሩቅ ቤት ከዓመታት በኋላ ሲሰላ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

መስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንዱ መስመር ከአያት በመገናኛና በሜክሲኮ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ተነስቶ ወደ ከተማዋ መሐል የሚዘልቅ ነው። ጀሞን የመሰሉ ሰፈሮች ግን የባቡር መስመር ስለማይደርሳቸው በአውቶቡስና በታክሲ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሐዲድ በአቅራቢያ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የቤቱ ርቀት ከጣቢያው ምን ያህል እንደሆነ፣ ጠዋት በሚበዛው ሰዓት ባቡሩ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣና የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ በአካባቢው ማለፍ አለማለፉ መጣራት አለበት።

ሁለተኛው መመዘኛ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ውኃ የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ሲሆን፣ በበርካታ ሰፈሮች ሥርጭቱ በፈረቃ ነው። ቧንቧ መዘርጋቱና ውኃ መምጣቱ አንድ አይደሉም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ላይኛው ፎቅ ግፊቱ ሊያንስ ይችላል። በየበረንዳውና በየጣሪያው የተደረደሩት ሮቶዎች ለገዢው ብዙ ይናገራሉ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን መጠየቅ ይመረጣል። ሊፍት በሌለው ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ለሚገዛም ውኃ በጀሪካን የመሸከሙና አረጋውያን ወላጆች ደረጃ የመውጣታቸው ጉዳይ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

ሦስተኛው የመሬቱ ጠባይ ነው። የከተማዋ ወንዞች ከሰሜኑ የእንጦጦ ሸንተረር ተነስተው ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በበጋ ደረቅ ቦይ የሚመስለው ሸለቆ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ሊያሳልፍ ይችላል። በምሥራቅና በደቡብ በሰፊው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በአግባቡ ያልተሠራ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በተለምዶ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ሥፍራ የደረሰውና ከ100 በላይ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው መደርመስ፣ የሰፈር ጎረቤት ማለት ሰው ብቻ አለመሆኑን ያስታወሰ አሳዛኝ ክስተት ነበር።

አራተኛው የአስተዳደር ወሰን ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ጉዳይ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ስምምነት ላይ ደርሰዋል። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ክልሉ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ኮዬ ፈጬን በማጣመር የሸገር ከተማን አቋቁሟል። ሰፈሩ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ማወቅ የካርታ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ገዢው ስም የሚያዛውርበት፣ ግብር የሚከፍልበትና መታወቂያ የሚያወጣበት ቢሮ፣ እንዲሁም ልጆቹ የሚማሩበት ሥርዓተ ትምህርትና የአገልግሎት ቋንቋው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሰነድ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከአርሶ አደር በመንደር ውል ተገዛ የሚባል ቦታ በሕግ ፊት የገዢውን ገንዘብ የሚያድን አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም በለገጣፎ ለገዳዲ አስተዳደሩ ሕገወጥ ናቸው ያላቸው በርካታ ቤቶች በፈረሱበት ወቅት ቤተሰቦች ያለ መጠለያ ቀርተዋል። ሕጋዊ ይዞታ ቢሆንም ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ለመንገድ፣ ለአረንጓዴ ሥፍራ ወይም ለመልሶ ማልማት የተያዘ መሆን አለመሆኑ መጠየቅ አለበት።

ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ሻጩ ባቀረበው ቅጂ ሳይሆን ከመዝገቡ ሊረጋገጥ ይገባል። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ቀሪ ክፍያው ምን ያህል እንደሆነ ይጣራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በአዲስ አበባ ተፈጻሚ የሆነው የ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ብቻ የፈረመበት ውል ለክርክር በር ይከፍታል።

በዕጣ የተላለፈ የጋራ መኖሪያ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ የማይፈቀድ በመሆኑ አንዳንዶች በውክልና መግዛትን እንደ አቋራጭ ይቆጥሩታል። ውክልና ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ቀሪ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ጥቂት ዓመታት ለመቆጠብ ሲባል የዕድሜ ልክ ጥሪትን ለእንዲህ ያለ አደጋ ማጋለጥ ተገቢ አይሆንም።

ከግዢው በኋላ የሚመጡ ወጪዎችም በበጀቱ ሊካተቱ ይገባል። የስም ማዛወሪያ፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የጋራ ሕንፃ ከሆነ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈል ወርኃዊ መዋጮ ይኖራል። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ለቤት ባለቤቱ ዓመታዊ ኃላፊነት የሚያስከትል ነው። ሙሉ ቁጠባውን ለግዢ ያዋለ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት ሊቸገር ይችላል።

ማኅበራዊ ኑሮውም ሊዘነጋ አይገባም። ልጆች አስፋልት ሳያቋርጡ በእግር የሚደርሱበት ትምህርት ቤት፣ ሌሊት ሊደረስበት የሚችል ጤና ጣቢያ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የተደራጀ ዕድር ያለው ሰፈር አዲስ ገቢውን ይደግፈዋል። አዲስ በተመሠረቱ ሰፈሮች እነዚህ እስኪሟሉ ዓመታት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ጨቅላ ሕፃን ላለው ቤተሰብና ልጆቹ ላደጉለት ቤተሰብ ደግሞ የጥበቃው ክብደት አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ገዢው ሰፈሩን ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላና ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሊጎበኘው ይገባል። ጠዋት በሕዝብ ትራንስፖርት እስከ መሥሪያ ቤቱ ተጉዞ ሰዓቱን መያዝ፣ ማታ የመንገድ መብራቱንና የአካባቢውን ጸጥታ ማየት፣ በዝናቡ ማግስት ደግሞ ጎርፉ የሄደበትን መንገድ መመልከት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስረዳል።

ጉዳዩ የገዢው ኃላፊነት ብቻ አይደለም። ስለ ይዞታ፣ ስለ ፕላንና ስለ እገዳ የሚጠየቁ የመሬት ነክ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ትክክለኛውን መረጃ በወቅቱ በሰጡ መጠን ዜጎች ከውል በፊት ይጠነቀቃሉ፤ መረጃው ሲዘገይ ግን ጥያቄው በክስ መልክ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቤት ገዢውም እነዚህ ማጣሪያዎች ሳይጠናቀቁ ቀብድ አለመክፈሉ የቁጠባው ቀዳሚ ጠባቂ መሆኑን መገንዘብ ይኖርበታል።