የቋራው ካሣ ሁለት ጋብቻዎች
ከመተማ በስተደቡብ ያለው የቋራ ቆላ የካሣ ኃይሉ፣ የኋላው የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። የጊዜው እንደራሴ ራስ አሊና እናቱ እቴጌ መነን የሸፈተውን ካሣን በጋብቻ ለማሰር አስበው የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። እርሷ ግን ከባሏ ወገነች፤ በ1845 ዓ.ም. ካሣ አይሻል ላይ አባቷን ድል ሲነሳም አልተለየችውም። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ንጉሡ እጅግ አዘነ።

ሁለተኛዋ ሚስቱ ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ አባቷን ማርኮ አሰረ፤ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባዘጋጃት በደረስጌ ማርያምም ዘውድ ጫነ። ጥሩወርቅ መመንኮስ ትመኝ እንደነበርና ጋብቻውን ሳትወድ እንደተቀበለች ይነገራል። አባቷን ያሰረ ሰው ሲጠይቃት ደስ ባይላት ማን ይፈርድባታል? በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን ብትወልድም ትዳሩ አልሰመረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ቴዎድሮስ ራሱን ከሠዋ በኋላ፣ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ ታማ አረፈችና ጨለቆት ተቀበረች፤ የሰባት ዓመት ልጇን እንግሊዞች ወደ አገራቸው ወሰዱት።