አባቱን ያልመሰለው ልጅ፦ ከ«ፔስ 6» ወደ «ፔስ 2008»

ስለ ፔሌና ስለ ማራዶና የሚደረገው ክርክር መቼም አያልቅም። በጆይስቲክ ኳስ ያደገው ትውልድም የራሱ የማያልቅ ክርክር አለው፤ «ምርጡ ፔስ የትኛው ነው?» የሚል። አንዱ «ፔስ 5» ይላል፣ ሌላው በ«ፔስ 2013» ይምላል፤ ብዙው ሰው ግን እጁን የሚያወጣው ለ«ፔስ 6» ነው። የሚገርመው፣ «ያሳዘናችሁስ የትኛው ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደሆነ ቶሎ ከሚነሱት ስሞች አንዱ የዚያው የ«ፔስ 6» ተከታይ፣ «ፔስ 2008» መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጨዋታውን በአገሩ «ዊኒንግ ኢለቨን» ይለው ነበር። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ2001 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» በሚል ስም ሸጦታል። እኛ አሳጥረን ፔስ አልነው። የሥራው ጭንቅላት ሺንጎ ታካትሱካ፣ በቅፅል ስሙ «ሲባስ» የሚባለው ሰው ነበር። ተቀናቃኙ የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያወጣው የነበረው «ፊፋ» ነበር። ፊፋ ገንዘቡም ነበረው፣ ፈቃዱም ነበረው፤ እውነተኛ ማሊያ፣ እውነተኛ ስም፣ የታወቁ ዘፈኖች ሳይቀሩ። ፔስ የነበረው ኳሱ ነው። በእኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤቶችም ያ በቂ ነበር። ሁለት ጎረምሶች አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ከኋላ የቆመው ተረኛ ደግሞ እንደ አሰልጣኝ ይጮሃል።

«ፔስ 6» አውሮፓ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2006 ነው። ኳሷ ክብደት ነበራት። ከተጫዋቹ እግር ጋር በማስቲሽ የተጣበቀች አልነበረችም። ቅብብሉ ትንሽ ከጠነከረ ከተቀባዩ እግር ትነጥራለች፤ ሰውነቱን ሳያስተካክል የመታ አጥቂ ኳሷን ወደ ተመልካች ይልካታል። ግዙፍ ተከላካይ ለመዞር ጊዜ ይፈጅበታል፣ ቀጫጫው የክንፍ ተጫዋች በዚያች ጊዜ ያልፈዋል። ስለዚህ ኳስ ከመቀበልህ በፊት ቀጣዩን ቅብብል ማሰብ ግድ ነበር። ሩጫ ብቻ አያዋጣም። ጎሎቹም አይመሳሰሉም፤ በሰው እግር ተጨርፋ የምትገባ አለች፣ ከበረኛው እጅ አምልጣ መስመር ላይ የምትንከባለል አለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ እንዴት እንዳገባት የማያውቃት ጎል አለች። የእውነተኛው ኳስ ግማሹ ይኸው አይደል?

ከዚያ ቀስቷ አለች። ከጨዋታው በፊት በእያንዳንዱ ተጫዋች ስም አጠገብ የዕለቱን አቋም የምታሳይ ባለ ቀለም ቀስት ትመጣለች። ቀይ ሆና ወደ ላይ ካመለከተች ልጁ በጥሩ ቀን ላይ ነው፤ ወደ ታች ከደፋች የፈለገ ኮከብ ቢሆን እግሩ አይታዘዝም። ሮናልዲንሆህ ቀስቱ ወደ ታች ሲሆን አስቀምጠኸው ሌላ ታስገባለህ ወይስ በስሙ ተማምነህ ታሰልፈዋለህ? አሰልጣኝነት ማለት ያ ነበር። የተሸናፊ ሁሉ የመጀመሪያ ሰበብም እሷው ነበረች፦ «ቀስቴ መጥፎ ሆኖብኝ ነው እንጂ…»

«ማስተር ሊግ» የሚባለው ክፍል ሌላው ፍቅር ነው። እዚያ ስትጀምር የሚሰጡህ ተጫዋቾች በዓለም ላይ የሌሉ፣ ከነስማቸው የተፈጠሩ ናቸው፤ አጥቂው ካስቶሎ፣ አማካዩ ሚናንዳ፣ በረኛው ኢቫሮቭ። ደካሞች ናቸው። ቢሆንም ስንቱ ሰው ነው ቡድኑን በኮከቦች ሞልቶ ካስቶሎን ግን መሸጥ ያቃተው! ፈቃድ ያጣ ኩባንያ ስም ፈጥሮ ሲያወጣ ስሞቹ ከእውነተኞቹ በላይ ይታወሳሉ ብሎ የገመተ አልነበረም።

ሽፋኑ ላይ የነበረው ብራዚላዊው የኢንተር ሚላን አጥቂ አድሪያኖ ነው። የምት ኃይሉ 99 ነበር፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። በግራ እግሩ ከሩቅ የለቀቃትን ኳስ በረኛው የሚያያት መረብ ውስጥ ሆና ነው። «ኢንተርን መያዝ አይቻልም» ተባብለው የሚጀምሩ ጓደኛሞች ብዙ ነበሩ። ያሳዝናል፣ ጣሊያኖች «ንጉሠ ነገሥቱ» ያሉት እውነተኛው አድሪያኖ በዚያው ሰሞን አቋሙ እየወረደ ነበር። እ.ኤ.አ በ2004 አባቱን ካጣ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ስክሪኑ ላይ ግን ንግሥናው አልተነካም።

ፍቅር ያሳውራልና የ«ፔስ 6»ን ጉድፍም እናንሳ። አድሪያኖ ራሱ አንዱ ጉድፍ ነው፤ አንድ ተጫዋች ብቻውን ጨዋታ የሚገለብጥበት ኳስ ሚዛኑን ስቷል። ከ«ፔስ 5» የለወጠውም ብዙ አይደለም የሚሉ ተቺዎች በጊዜው ነበሩ፣ አልተሳሳቱም። የዳኞቹ ፊሽካ መቀነሱ ግን ተመስገን የሚያሰኝ ነበር፤ በ«ፔስ 5» ትከሻ ለትከሻ በተነካኩ ቁጥር ቅጣት ምት ነበርና። ፈቃድ በኩልም ድሃ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድና አርሰናል በስማቸው ሲገቡ፣ ባለፈው እትም በስሙ የነበረው ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ተባለ፤ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ሆኖ ቀረ። የእኛ ብሔራዊ ቡድንማ አይታሰብም። ደግነቱ «ኤዲት» የሚባል ክፍል ነበረውና ትዕግሥት ያለው ልጅ ቁጭ ብሎ ስሙንም ማሊያውንም ይቀይራል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማልበስ የሚከለክልህ የለም።

ወደ ተከታዩ እንምጣ። «ፔስ 2008» የወጣው በ2007 መገባደጃ ላይ ነው። በእንግሊዝ ሽፋኑ ላይ ክርስቲያኖ ሮናልዶና ማይክል ኦወን ጎን ለጎን ቆመዋል። ገና ከሽፋኑ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በዚህኛው እትም በእውነተኛ ስማቸው የገቡት የእንግሊዝ ክለቦች ቶተንሃምና ኒውካስል ናቸው። ኦወን የኒውካስል ነውና ችግር የለበትም። የዋናው የሽፋን ኮከብ ክለብ ግን ጨዋታው ውስጥ «ማን ሬድ» ነው! ቀያይ ሰይጣኖቹም መድፈኞቹም ስማቸውን ተነጥቀዋል። ሮናልዶን አስተዋውቀህ ክለቡን አለመጥራት የሚችለው ኮናሚ ብቻ ነው።

ስም ግን የፔስ ወዳጅን አስከፍቶት አያውቅም። የከፋው ሜዳው ላይ ነው። ጨዋታው ፈጠነ፤ በጣም ፈጠነ። ሮናልዶን ወይም ሌላ ፈጣን ልጅ ይዘህ አቅጣጫ እየቀያየርክ ከሮጥክ ሦስት አራት ሰው ማለፍ ቀላል ሆነ። በ«ፔስ 6» አብዶ ሠርተህ ሰው ስታልፍ የድካምህ ዋጋ ነበር፤ እዚህ ግን በነፃ የሚታደል ነገር ሆነ። በረኞቹ ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። ቀላል ምት ሳይቀር ወደ ጎን መግፋት ሲገባቸው አጥቂው እግር ሥር መልሰው ያስቀምጡለታል። በአንድ ግጥሚያ ሁለት ሦስት ጎል ከተመለሰች ኳስ ሲገባ ያየ ሰው ያገባም ቢሆን ደስታው ይቀንሳል። ይህን የምለው ነገሩን ከአባቱ ጋር ሳነጻጽር ነው እንጂ በራሱ ቢታይ የሚያዝናና ጨዋታ ነበር። የሚያዝናና መሆኑ ነው ችግሩ፤ ማዝናናት ለፊፋ ተትቶ የነበረ ሥራ ነው።

ማስመሰል የሚባለውም የገባው በዚህ እትም ነው። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን ተጫዋችህ ማንም ሳይነካው ሣር ላይ ይዘረጋል፤ ዳኛው ከተታለለ ቅጣት ምት፣ ከነቃብህ ቢጫ ካርድ። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ሩኒ በቀይ ሲወጣ ሮናልዶ ዓይኑን ጠቀሰ ተብሎ እንግሊዝ ውስጥ የደረሰበት ጩኸት ይታወሳል። በዓመቱ ሮናልዶ የሽፋን ኮከብ፣ መውደቅም ቁልፍ ያለው ችሎታ ሆነው መጡ። አንዳንዱ ተናደደ፣ አንዳንዱ ሳቀ። በእኔ እይታ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ኳስ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን በረኛው ኳስ መያዝ ሳይችል ለመውደቅ ቁልፍ መሥራት ቤት ሲያፈስ በር ቀለም እንደመቀባት ነው።

«ቲምቪዥን» የተባለ አዲስ ነገርም ነበረው። ኮምፒዩተሩ አጨዋወትህን እያጠና መልስ ያዘጋጃል ተብሎ የተዋወቀ ነው። በቀኝ መስመር ብቻ የምታጠቃ ከሆነ ቀኙን ይዘጋብሃል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ብቻህን ስትጫወት ይታወቅሃል። ለእኛ ግን ምን ይጠቅማል? ፕሌይስቴሽን ቤት ከኮምፒዩተር ጋር ለመጫወት ገንዘብ የሚከፍል የለም፤ ሰው የሚመጣው ሰው ለማሸነፍ ነው።

ዋናው ጉዳይ ማሽኑ ነው። «ፔስ 2008» ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠራ የመጀመሪያው ፔስ ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 አውሮፓ የገባው በማርች 2007 ሲሆን ዋጋው 599 ዩሮ ነበር። ያን ያህል ከፍሎ የገዛ ሰው ሳጥን ውስጥ ሰው ሲበዛ ምስሉ ሲንቀራፈፍ፣ ግብ ሲገባ የሚደገመው ትዕይንት ሲጎተት ሲያይ ምን ይበል? በኤክስቦክስ 360 ላይ የተሻለ ነበር። በኢንተርኔት ለሚጫወቱት ደግሞ ኳስ ከተመታች በኋላ ነው እግር የሚነሳው፤ ኩባንያው ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለአዲሶቹ ማሽኖች ከ2006 ጀምሮ ከመሠረቱ አዲስ ሞተር ሲገነባ፣ ኮናሚ የፕሌይስቴሽን 2ን አጥንት አዲስ ሥጋ አልብሶ ነው የመጣው። አጥንቱ አልተሸከመውም።

ማስረጃውም አለ። ያው «ፔስ 2008» ለአሮጌው ፕሌይስቴሽን 2ም ወጥቷል። እዚያ ላይ የተጫወተው ሰው ቅሬታው ብዙም አይገባውም፤ የለመደውን ኳስ ከአዲስ ዝውውሮች ጋር ነው ያገኘው። በእኛም አገር ብዙው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የነበረው አሮጌው ማሽን ስለሆነ የአውሮፓን ኀዘን በጊዜው በሙሉ አልቀመስነውም። በ2008 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለኒንቴንዶ ዊ የተሠራው ቅጂ መጣ። በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ወደ ስክሪኑ አነጣጥረህ ኳስ ለያዘውም ላልያዘውም ተጫዋች መንገድ የምታሳይበት፣ ጭራሽ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ተቺዎችም አመሰገኑት። ኮናሚ ሐሳብ አላጣም ነበር ማለት ነው። ሐሳቡ ያለቀበት ሁሉም ሰው ዓይኑን በጣለበት ማሽን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቁት ነው። ፊፋ በ09 ተጠጋ፣ በ10 አለፈ። ኮናሚ ከ«ፔስ 2009» ጀምሮ የሻምፒዮንስ ሊግን ፈቃድ ይዞ፣ ሜሲን ሽፋን ላይ አውጥቶ እንኳ የሄደውን ሰው በሙሉ አልመለሰውም። «ፔስ 2013» ጥቂት አጽናና። የፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻ ፔስ በ2013 ማብቂያ የወጣው «ፔስ 2014» ሆነ። የሻምፒዮንስ ሊጉም ፈቃድ በ2018 ወደ ፊፋ ሄደ። በሴፕቴምበር 2021 ፔስ የሚለው ስም ራሱ ተጥሎ በነፃ የሚታደል «ኢፉትቦል 2022» ሲመጣ፣ የታዋቂ ተጫዋቾች ፊት ተጣሞ፣ ማስተር ሊግ ጠፍቶ፣ ዓለም ተሳለቀበት፤ ኩባንያው በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቀ። «ፔስ 2008»ን የረገመ ሁሉ ያኔ ትንሽ ሳያዝንለት አልቀረም። ፊፋም ቢሆን ስሙን አልጠበቀም። ኤሌክትሮኒክ አርትስና የዓለም እግር ኳስ ማኅበሩ በ2022 መለያየታቸውን ካሳወቁ በኋላ ከ2023 ጀምሮ የሚሸጠው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» በሚል ስም ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል «ፔስ 6» አልሞተም። ኮናሚ ከተወው ስንት ዓመቱ! ወዳጆቹ ግን በየዓመቱ ኮምፒዩተር ላይ ይከፍቱታል፤ አዲስ ማሊያ ይሰፉለታል፣ አዲስ ፀጉር ይቆርጡለታል፣ ጨዋታው ሲወጣ እናታቸው እቅፍ ውስጥ የነበሩ ልጆችን አጥቂ አድርገው ያሰልፉበታል። ሞተሩን ግን ማንም አልነካውም። ያሁኑ ልጅ የሚመታት ኳስም ያችው የድሮዋ፣ ትንሽ ከጠነከረች ከእግር የምትነጥረው ኳስ ናት።