ብጉር ሲወጣ ፊትን አለማስቆጣት

ግንባታ በማያባራበት የአዲስ አበባው ጎሮ በበጋ ወራት የመንገዱ አቧራ ፊት ላይ ያርፋል፤ ብጉር የወጣባቸው ወጣቶችም ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በአቧራው ያሳብባሉ። ከዚያ በቀን አራት አምስት ጊዜ በሳሙና መፈግፈግ፣ በሎሚ ማሸት፣ ሲብስም የጥርስ ሳሙና ቀብቶ ማደር ይከተላል። ብጉር ግን ከቆሻሻ አይመጣም። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን ሲጨምር የቆዳ እጢዎች ወዝ ያበዛሉ፤ የፀጉር ቀዳዳው በወዝና በሞተ ቆዳ ይደፈናል፤ እዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ሰውነት ሲከላከል ቦታው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። አናቱ የጠቆረ ብጉር እንኳ ጥቁረቱ የአቧራ አይደለም፤ የተደፈነው ነገር ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚይዘው ቀለም ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከላይኛው ቆዳ ሥር ስለሆነ የቱንም ያህል ቢፈገፍጉት አይደረስበትም። መፈግፈጉ የሚያገኘው ከላይ ያለውን ቆዳ ነው፤ እሱም ይቆጣል።

የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ደግሞ ዕዳው ይረዝማል። ብጉሩ በቀናት ወይም በሳምንታት ቢጠፋም፣ የተቆጣው ቆዳ ቀለም ስለሚያበዛ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቀመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፀሐዩም ምልክቱን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ማንኛውም የቤት ውስጥ መድኃኒት ከሁሉ በፊት ሊመዘን የሚገባው ቆዳ በማስቆጣቱ ወይም ባለማስቆጣቱ ነው። ሎሚ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ አሲዱ ለፊት ቆዳ እጅግ የበረታ ነው፣ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን አቃጥሎ ያጠቁራል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ መለጠፍ ቆዳ እንደሚያቃጥል በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል።

ማርና እሬት ለስላሳ ናቸው፤ ምስጋናቸው ግን በልኩ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት 136 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ሁሉም በፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ታጠቡ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ለሕክምና የተዘጋጀ ማር ተቀቡ። ከ12 ሳምንት በኋላ ማሩ ከሳሙናው በላይ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአውስትራሊያ በ124 ሰዎች ላይ የተደረገው ሌላ ሙከራ ደግሞ 5 በመቶ የቲ ትሪ ተክል ዘይትን ከተለመደው የብጉር መድኃኒት ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር አወዳደረ፤ ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ፣ ዘይቱ ቢዘገይም ቆዳ ያስቆጣው በጥቂቱ ነበር። «እናቶቻችን በማርና በእርድ ድነው የለ?» የሚል ይኖራል። ብጉር እየመጣ እየሄደ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወጣትነት ጋር አብሮ የሚያልፍ ነገር ነው። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሲብስበት ነውና ከዚያ በኋላ የሚመጣው መቀነስ ምስጋናው ለተቀባው ነገር ይሰጣል። ይህ ማለት ማር ይጣል ማለት አይደለም። የማይስማማው ሰው ካልሆነ በቀር ጉዳት የለውም፤ ሰውን ከሎሚውና ከመፈግፈጉ ካቆየውም ጠቅሞታል።

ዋናው ሥራ ቀላል ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ካላበም በኋላ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በመዳፍ መታጠብ፤ ብጉሩን አለማፍረጥ፤ ከፀሐይ መከላከል። ግንባር ላይ ብቻ የሚበዛ ብጉር ካለ የፀጉር ቅባቱ ይጠርጠር። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፉት ስለዚሁ ነበር፤ ቅቤም ሆነ የሱቅ ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳውን ይደፍናል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ከፋርማሲ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይጠየቅ፤ ከ10 በመቶው ጋር የሚስተካከል ሥራ ይሠራል፣ ማቃጠሉ ግን ያንሳል። ፎጣና የትራስ ልብስ ስለሚያነጣ አሮጌውን መጠቀም ነው። ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ነው።

ይህን ያህል መታገሥ ይከብዳል የሚለው ቅሬታ እውነት አለው፤ ፊት የሚደበቅ ነገር አይደለም። በሳምንት ያጠራል እየተባለ የሚሸጥ ክሬም ተፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የተባሉ ስቴሮይዶች አሉባቸው። መጀመሪያ መቅላቱን ያበርዳሉ፤ ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ራሳቸውም ብጉር ያወጣሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት መቀባት የለባቸውም። ሥር የሰደደ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ሲድን ጎድጓዳ ጠባሳ የሚተው ብጉር ደግሞ ከቤት መድኃኒት አቅም በላይ ስለሆነ ወራት ሳይባክኑ የቆዳ ሐኪም ይየው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና ተቋቁሞ ዛሬ የቆዳ በሽታዎች ሪፈራል ማዕከል የሆነው ኣለርት ከጎሮ ከተማውን አቋርጦ ዘነበወርቅ ድረስ ያስኬዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት ይህንኑ አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር፤ ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን ፅንስን ይጎዳል።