የመሪ የሐዘን ንግግር በሕዝብ ዘንድ በምን ይመዘናል?

ብዙ ሕይወት የቀጠፈ አደጋ በደረሰ ቁጥር መሪዎች በአደባባይ ወይም በመገናኛ ብዙኃን ቀርበው የሐዘንና የማጽናኛ ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ በተሰማ ማግስት በደሴ ሻይ ቤቶች፣ በኮምቦልቻ የሥራ ቦታዎች፣ በገጠሩም በየገበያው መነጋገሪያ ይሆናል። አንዱ «አጽናናኝ» ሲል ሌላው «አስቆጣኝ» ይላል። ብዙዎች ይህን ልዩነት ከፖለቲካ ወገንተኝነት ጋር ብቻ ያያይዙታል። ይሁን እንጂ በሀገራችን የደረሱ አደጋዎችና እነርሱን ተከትለው የተደረጉ ንግግሮች ሲታዩ፣ ሕዝቡ የመሪን ቃል የሚመዝነው በአመዛኙ ከለቅሶ ቤት በተወሰደ ሚዛን መሆኑን መገንዘብ ይቻላል።

የለቅሶ ቤት ሥርዓት

በወሎ ሰው ሲሞት ፈጥኖ የሚደርሰው ቅሬ ነው። የቅሬ አባላት መርዶውን እንደሰሙ ሥራቸውን ትተው ይሰበሰባሉ፤ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ቀብር ያስፈጽማሉ፤ ለሐዘንተኛው ቤት ምግብ ያደርሳሉ። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ለቅሶ ይደርሳል። በዚያ ቤት የሚነገረው ቃል አጭር ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ከተባለ በኋላ ንግግሩን የሚተካው ሥራ ነው። ሟቹ አርሶ አደር ከሆነና ወቅቱም የእርሻ ከሆነ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ማሳውን ያርሳል፤ ሰብሉ ደርሶ ከሆነም ያጭዳል።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ሰውየው በጊዜው ደረሰ ወይ? የሆነውን ነገር በስሙ ጠራው ወይ? ከለቅሶው በኋላስ ምን አደረገ? መሪ የሐዘን ንግግር ሲያደርግም ሰሚው በልቡ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከእነዚህ የራቁ አይደሉም።

ዝምታ የሚያስከትለው ቁጣ

ለወሎ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው ሳይነገር ከቀረ ንግግር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ የደረሰው ረሃብ እጅግ ብዙ ሰው ሲፈጅ፣ የዘመኑ መንግሥት ጉዳዩን ለሕዝብና ለዓለም በግልጽ ከማሳወቅ ተቆጥቦ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም በብሪታንያ ከታየ በኋላ የዓለም ትኩረት ወደ ወሎ ዞረ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

ይህን ፊልም መሣሪያ ያደረገው መንግሥት ራሱ ከዐሥር ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ሚዛን ተመዘነ። በ1976 ዓ.ም ማብቂያ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረትና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሰዓታት የፈጀ ንግግር አድርገዋል። በዚያ ድግስ መካከል የሰሜኑ ረሃብ ጎልቶ አልተሰማም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን አስቀድሞ ለለጋሾች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከቆረም የተላከው የቢቢሲ ዘገባ ረሃቡን ለዓለም አሳየ። ከሁለቱም ዘመናት የምንረዳው፣ ሐዘንተኛው ክፉ ቃል ባይሰማም እንኳ ሐዘኑ ሳይጠራ ሲታለፍ እንደ ተናቀ እንደሚቆጥረው ነው።

በመስቀል አደባባይ የተሰማው ድምፅ

ሁለተኛው ጥያቄ በጊዜ መድረስንና በስም መጥራትን ይመለከታል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም አይ ኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ምስል አሰራጨ። መንግሥት በመጀመሪያ የሟቾቹን ዜግነት ማረጋገጥ እንዳልቻለ ገልጾ፣ በኋላ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን አረጋገጠ። የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ግን ልጆቻቸውን በምስሉ ለይተው ማልቀስ ጀምረው ነበር።

ሚያዝያ 14 ቀን በመስቀል አደባባይ በተጠራው ሰልፍ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ከተሰበሰበው ሕዝብ ከፊሉ በተቃውሞ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ግጭት ተነሣ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጭስ ተጠቀመ። ንግግሩ ገዳዮቹን ማውገዙን የተቃወመ አልነበረም። ብዙ ወጣቶች ሊሰሙ የፈለጉት ግን «ልጆቻችንን ወደ በረሃ የሚገፋቸው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። ይህ ጥያቄ ለደቡብ ወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ከቀበሌዎቻችን በባቲ አድርገው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በጅቡቲ በኩል ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጓዙ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በአንጻሩ መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በማግስቱ ፀጉራቸውን ተሸፋፍነው ሐዘንተኞቹ ዘንድ ደረሱ። ከቀናት በኋላ በፓርላማ ንግግራቸውን የጀመሩት «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ነበር። አደጋው በደረሰ በስድስተኛው ቀን ለግድያው የዋሉትን ዓይነት የጦር መሣሪያዎች የሚከለክል እርምጃ አሳወቁ፤ ሕጉም አንድ ወር ሳይሞላ ጸደቀ። ንግግራቸው በሙስሊሙም ሆነ በሌላው ዓለም በበጎ የታወሰው፣ ቃሉን ተከትሎ የመጣ ነገር ስለነበረ ነው።

ከለቅሶው በኋላ

ሦስተኛው ጥያቄ ለተራራማው አካባቢያችን ይበልጥ ቅርብ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተወስደዋል። ከእነርሱም መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ወደ ስፍራው ሄደው ሐዘንተኞችን አጽናንተዋል። በአደጋ ቀጠና የቀሩትን ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ የማስፈር ጉዳይም ተነሥቷል። የዚያ ንግግር እውነተኛ ምዘና ያለው የሰፈሩት ቤተሰቦች የሚያርሱት መሬት፣ ውኃና ትምህርት ቤት በማግኘታቸው ላይ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻም ይህን ያውቁታል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ከነካ በኋላ ብዙ የማጽናኛ ቃል ተሰምቷል። ነዋሪው ግን የጠበቀው የተዘረፈው የደሴ ሆስፒታል በር ተከፍቶ ሕሙማንን ሲቀበል፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ሠራተኞቻቸውን መልሰው ሲጠሩ ማየት ነበር።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በገደላማ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የመሬት መንሸራተት በከተማዋ ቤቶችንና መንገዶችን በተደጋጋሚ ጎድቷል። ስለዚህ የጎፋን ለቅሶ የሰማ የደቡብ ወሎ ነዋሪ ክረምት ሳይገባ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። በቀበሌው ለናዳ የተጋለጡ ቦታዎች ተለይተዋል ወይ? የማስጠንቀቂያ መልእክት ከማን ወደ ማን ይተላለፋል? አደጋ ቢመጣ ሕዝቡ የሚሸሽበት ቦታ የት ነው? ለሥራው የተመደበው በጀትና የሚጠናቀቅበት ቀንስ ተገልጿል ወይ?

አርሶ አደሩም በበኩሉ የሚያስተውላቸው ምልክቶች አሉ። በተዳፋት መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍና አጥር ሲያዘነብል፣ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ወይም አዲስ ውኃ ሲመነጭ፣ የቤት በር አልዘጋ ሲል ቤተሰብን ከቦታው ማራቅና ለቀበሌ ማሳወቅ ይገባል። ከቤት በላይ የሚወርደውን ውኃ በጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማስወገድ፣ ተዳፋቱን ከሥሩ ቆርጦ ቤት አለመሥራትም ይጠቅማል። ናዳ ከደረሰ ደግሞ ሁለተኛ ሊከተል ስለሚችል፣ ለነፍስ አድን ሥራ የሚገባው ሰው ቁጥር ውስን ሊሆንና ከላይ ተዳፋቱን የሚጠብቅ ሰው ሊቆም ይገባል።

እነዚህን ጥያቄዎች በቀበሌ ስብሰባና በቅሬ ጉባኤ ማንሣት መሪን መንቀፍ አይደለም። ለቅሶ የደረሰን ሰው «ማሳውንስ መቼ እናርሳለን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያለ የተለመደ ነገር ነው።