መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል? በሮም አፓርታማ ትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም መገንባት

ስለ ስማርት ቤት መሣሪያዎች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት አምፖል፣ ካሜራና የበር ቁልፍ ናቸው። እነዚህ ቢበላሹ ሰው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል ወይም ደጅ ላይ ይቆማል። ዛሬ የምናየው ግን ሲበላሽ የታች ቤት ጎረቤትን ኮርኒስ ያበሰብሳል፣ ዓሦችንም ይገድላል። 600 ሊትር የሚጠጋ የጨው ውሃ አኳሪየም ነው፤ ቦታው ደግሞ ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ።

ሰፈሩን ብዙ ሐበሻ ያውቀዋል። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ በአካባቢው እንጀራ የሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ የመኖሪያ ሕንጻዎች እ.ኤ.አ. በ1871 ሮም የጣሊያን ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ወለላቸው ያረጀ ነው፤ ከእያንዳንዱ ወለል በታችም ሌላ ቤተሰብ ይኖራል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንያዝ። ቧንቧው ያለ ሶፍትዌር ደህና ሆኖ መቆም አለበት። ሶፍትዌሩ ወሬ ነጋሪ እንጂ ዘበኛ አይደለም።

የሰፈሩ የውሃ ታሪክ

በዚህ አካባቢ ውሃ ያለ ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ144 መሠራት የጀመረው አኳ ማርሲያ የተባለው የውሃ ቦይ ከሩቅ ምንጭ ተነሥቶ፣ በቁልቁለት ብቻ እየተመራ ወደ ከተማው ይገባ ነበር። በ306 የተመረቀው የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤትም ውሃውን ያገኘው ከዚሁ መስመር ነው። ፍርስራሹ ዛሬም ከጣቢያው ፊት ለፊት ይታያል።

ከጣቢያው ማዶ ደግሞ በፒያሳ ማንፍሬዶ ፋንቲ አኳሪዮ ሮማኖ የተባለው ክብ ሕንጻ አለ። ኤቶሬ ቤርኒክ የተባለ አርክቴክት የነደፈው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1887 ተከፈተ። ዓላማው ዓሣ ለሕዝብ ማሳየትና ዓሣ ማርባት ነበር። በአኳሪየምነት ግን ብዙ አልቆየም፤ ቲያትር ሆነ፣ መጋዘን ሆነ፣ ዛሬ የአርክቴክቶች ቤት ነው። ሕንጻው አለ፣ ዓሦቹ የሉም። ገንዳ መሥራት አንድ ሥራ ነው፤ ውሃውን በየቀኑ በሕይወት ማቆየት ሌላ።

ክብደቱ

ምሳሌያችን የላይኛው ገንዳ 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 65 ወርድ፣ 60 የውሃ ከፍታ አለው። ይህ 585 ሊትር ነው። የባሕር ውሃ ከንጹሕ ውሃ ትንሽ ስለሚከብድ ውሃው ብቻ 600 ኪሎ ይመዝናል። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት 140 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ድንጋዩ፣ መቆሚያውና የታችኛው ገንዳ ሲደመሩ አንድ ቶን ይደርሳል፤ የሚያርፈውም አንድ ካሬ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ነው።

በጣሊያን የመኖሪያ ቤት ወለል በደንቡ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ እንዲሸከም ተደርጎ ነው። ቁጥሩ መላውን ክፍል የሚመለከት ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ የተከመረ ቶን የግድ ወለሉን ያፈርሳል ማለት አይደለም፤ አያፈርስም ለማለት የሚችለው ግን የሕንጻ መሐንዲስ ብቻ ነው። ገንዳው ከተሸካሚ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ በተቻለ መጠን ብዙ የወለል አግዳሚዎችን አቋርጦ ቢቀመጥ ይመረጣል። ለመሐንዲሱ የሚከፈለው ከመስታወቱ በፊት ነው።

ውሃው እንዴት ይዞራል?

ሳሎን የሚታየው የላይኛው ገንዳ ነው። ከሥሩ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳምፕ የሚባለው የታችኛው ገንዳ አለ፤ ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና ፓምፑ እዚያ ናቸው። ከላይ ያለው ውሃ ጠርዙን ሞልቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ፓምፑ መልሶ ይገፋዋል። በሰዓት የገንዳውን መጠን አምስት ጊዜ፣ ማለትም 3,000 ሊትር ገደማ፣ ማዞር ለመነሻ በቂ ነው።

ለማውረጃ አንድ ቧንቧ አይበቃም፤ ሦስት ይሁኑ። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ውሃ ሞልቶ፣ አየር ሳይስብ፣ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ መጠኑ በቫልቭ ይስተካከላል። ሁለተኛው የተረፈችውን ትንሽ ውሃ ይወስዳል። ሦስተኛው ሁልጊዜ ደረቅ ነው። አፉ ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ሁለቱ በቀንድ አውጣ ወይም በአልጌ ቢደፈኑ ያኔ ብቻ ይሠራል። ሲንኮሻኮሽ ከሰማችሁት አንድ ነገር ተደፍኗል ማለት ነው። ይህ ደወል ባትሪ አይፈልግም።

የመጀመሪያው ቫልቭ በቀስታ የሚዞር የበር ቫልቭ ይሁን፤ ጣሊያኖች ሳራቺኔስካ ይሉታል። በሩብ ዙር የሚዘጋው የኳስ ቫልቭ ጥቂት ሊትር ለማስተካከል ያስቸግራል።

ዋናው ሂሳብ

አሁን መብራቱ ጠፋ እንበል። ፓምፑ ይቆማል። መመለሻው ቧንቧ ግን አፉ ውሃ ውስጥ ነውና ሳይፎን ይሆናል፤ ውሃውን ወደ ኋላ እየሳበ ወደ ታች ይጥላል። የሚያቆመው አፉ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው።

የላይኛው ገንዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ 9.75 ሊትር ይወርዳል። የመመለሻው አፍ ከውሃው ፊት 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገጠመ የሚወርደው 20 ሊትር ያህል ነው። በቧንቧዎቹና በመውረጃው ሣጥን ውስጥ ላለው 10 ሊትር ብንጨምር 30 ይሆናል። አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ግን 195 ሊትር ይወርዳል።

የታችኛው ገንዳ 100 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጠቅላላ የሚይዘው 202 ሊትር ነው። በሥራ ላይ 120 ሊትር ካለበት የሚተርፈው ቦታ 82 ሊትር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው አገጣጠም ቤተሰቡ መብራት መጥፋቱን እንኳ ሳያውቅ ያድራል። በሁለተኛው ከ100 ሊትር በላይ የጨው ውሃ በወለሉ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ልዩነቱ አንድ የቧንቧ ክርን ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መገጠሙ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ገጥሞ ይተማመናል። በጨው ውሃ ውስጥ ኖራ የሚመስል ቅርፊት ስለሚበቅል ቫልቩ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሳይፎን ለመስበር የሚበሳ ትንሽ ቀዳዳም ሊደፈን ይችላል። ሁለቱም ይረዳሉ፤ ዋስትናው ግን የአፉ ከፍታ ነው።

ተቃራኒውንም አስሉ። ማውረጃው ሁሉ ቢደፈንና ፓምፑ ቢቀጥልስ? ፓምፑ ያለበት የታችኛው ክፍል 20 ሊትር ብቻ እንዲይዝ ከተከፈለ ከዚያ በላይ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። 20 ሊትር ላይኛውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሣል፤ ከውሃው በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ካለ አይፈስም።

ቧንቧ ሲገዛ

በኢንተርኔት የሚገኙት ንድፎች ብዙዎቹ አሜሪካዊ ስለሆኑ በኢንች ናቸው። ሮም የሚሸጠው ፒቪሲ በሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ኢንች የአሜሪካ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአውሮፓው አቻ 32 ነው። ይቀራረባሉ ግን አይገጥሙም፤ በማጣበቂያ ብዛትም አይድኑም። ገንዳው ላይ የሚገጠሙትን ማገናኛዎች ጭምር ከአንድ ሥርዓት ግዙ።

የሐበሻ ደንበኛ እዚህ ላይ ትንሽ ዕድል አለው። ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ጎማ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸውና የሮም ብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት ሳይቸገር ይሰማችኋል። ፓምፑን ግራና ቀኝ በሚፈታ ማገናኛ አስሩት፤ ለማጽዳት ሲወጣ ቧንቧ መቁረጥ አያስፈልግም።

የሮም ውሃና ጨው

የሮም የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ጥሩ ነው፤ ግን ካልሲየም ይበዛበታል። የሻይ ማፍያችሁ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ለአኳሪየም በሪቨርስ ኦስሞሲስ ተጣርቶ፣ ከዚያ የባሕር ጨው ተጨምሮበት በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨዋማነት ላይ ይደርሳል። ለጠቅላላው 680 ሊትር 25 ኪሎ ጨው ያህል ይሄዳል። ማጣሪያው የሚጥለው ውሃ ወለል ለማጠብ ይሆናል።

ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ በየቀኑ የሚጨመረው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ይህን ሥራ የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰርና ትንሽ ፓምፕ ይሠሩታል። ሴንሰሩ ቢጣበቅ ፓምፑ አያቆምም። መፍትሔው የተሻለ ኮድ ሳይሆን አነስተኛ ጄሪካን ነው። ንጹሕ ውሃውን በቀጥታ ከቤቱ መስመር አታገናኙት፤ ከ25 ሊትር ጄሪካን ይሳብ። ሁሉም ቢገባ እንኳ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 33.8 ገደማ ይወርዳል፤ ዓሦች ይችሉታል። በዚያው ሰዓት መብራት ቢጠፋ እንኳ 25 እና 30 ሲደመሩ 55 ሊትር ነው፤ 82ቱ ውስጥ ይገባል።

ኤሌክትሪክ

በጣሊያን ብዙ ቤቶች የሚዋዋሉት 3 ኪሎዋት ነው። በበጋ አየር ማቀዝቀዣ፣ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ አብረው ከሠሩ ቆጣሪው ይቆርጣል፤ ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው። ሳልቫቪታ የሚሉት፣ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠው መከላከያ ሕይወት ያድናልና በምንም ምክንያት አይነካም። ለአኳሪየሙ የራሱ መስመርና የራሱ መከላከያ ቢኖረው ግን በምድጃው ጥፋት ዓሦቹ አይቀጡም። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፤ ጠብታው መሬት ይወርዳል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከምትገዙ ሁለት ትናንሽ ይሻላሉ፤ አንዱ እንደበራ ቢቀር ገንዳውን አይቀቅልም።

ወሬ ነጋሪው በአማርኛ

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ኢኤስፒ32 የተባለው ርካሽ ቺፕ ሙቀትና የውሃ ከፍታ እየለካ ማስጠንቀቂያ መላክ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ይሁን የምንለው ለጌጥ አይደለም። ነሐሴ ላይ ባለቤቱ ከከተማ ሲወጣ ቤት የምትቀረው እናት ልትሆን ትችላለች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስህተት ቁጥር ለእሷ ምንም አይነግራትም።

ፊደላችን ሁለት ወጥመድ አለው። አጭር የስልክ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥም እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ 160 ባይት ቦታ 53 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ከተቆረጠ መጨረሻው የተበላሸ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አጭር፣ በአክብሮትና ምን መደረግ እንዳለበት በሚናገር ቋንቋ ጻፉ፦ «የታችኛው ገንዳ ውሃ ከፍ ብሏል። የንጹሕ ውሃውን ፓምፕ ሶኬት ይንቀሉ።» ይህ ክፍተቱን ጨምሮ 44 ፊደል ነው። በየሶኬቱና በየቫልቩ ላይም ያንኑ ስም በአማርኛ ለጥፉ፤ ስልኩና ግድግዳው አንድ ስም ካልጠሩ መልእክቱ ከንቱ ነው።

በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ሁለት መስመር ትንሽ ስክሪን ግን አያዛልቅም። ራስህ የምትቀርጸው ፊደል ስምንት ብቻ ይፈቅዳል፤ ለፊደል ገበታችን አይበቃም። እያንዳንዱን ነጥብ የሚያበራ ግራፊክ ስክሪን ያስፈልጋል።

ሌላው ስህተት መብራት ሲጠፋ መልእክት ይመጣል ብሎ መጠበቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ቺፑም የኢንተርኔት ሳጥኑም አብረው ይሞታሉ። ነገሩን ገልብጡት፦ ቺፑ በየአምስት ደቂቃው «ደህና ነኝ» ይበል፤ ከቤት ውጭ ያለ ሰርቨር ድምፁን ሲያጣ እሱ ይጩህ። ደወሉ ዝምታው ነው። ቤት ያለው ሰው ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የት እንደተቀመጠ ይወቅ፤ ዓሦች መጀመሪያ የሚያጡት ኦክስጅን ነው።

ከጨው በፊት ፈተና

ገንዳውን በተራ ውሃ ሙሉትና ሁለት ቀን አዙሩት። ከዚያ ዋናውን ሶኬት ንቀሉ። የታችኛው ገንዳ የት ላይ እንደቆመ በማርከር አስምሩ፤ ያ መስመር የዘወትር መለኪያችሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማውረጃዎች በእጃችሁ ድፈኑ፣ ሦስተኛው ሲሠራ ስሙት። የንጹሕ ውሃውን ጄሪካን ሙሉውን አፍስሱና መብራቱን እንደገና አጥፉ። ወለሉ ደረቅ ከሆነ ጨውና ድንጋይ ይግባ። ከዚያም አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆኑ ጥቂት ሳምንታት ይጠበቃል፤ ዓሣ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ፈተና በየሦስት ወሩ ድገሙት፤ አልጌው እየበቀለ፣ ቫልቩ እየደነደነ ስለሚሄድ የዛሬው መስመር ከርሞ ላይሠራ ይችላል። አምስት ደቂቃና አንድ ፎጣ ይበቃል።